አርባ አንደኛው መንገድ

ሠፈሩ ሁሉ «ጋሽ ስንጥቅ» የሚላቸው መሐንዲሱ ጎረቤታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ ያለኝ አጥር ስለምንጋራ ነው፤ እንደሳቸው አልተማርኩምና ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በምህንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት የመንገድ ጥገና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ለሽርሽር ሲወጡ እንኳ አቀርቅረው አስፋልት ስለሚያዩ፣ ባለቤታቸው «ሰውዬ፣ እኔም እኮ እዚህ ነኝ» ይሏቸው ነበር።

ትልቁ ሥራቸው አንድ ዝርዝር ነው። የከተማውን መንገድ በእግራቸው እየዞሩ ስለ እያንዳንዱ ሁለት ነገር ጠየቁ፦ የመደርመስ ሥጋቱ ምን ያህል ነው? ቢደረመስስ ማን ይጎዳል? በዚያ መሠረት የቱ ቀድሞ መጠገን እንዳለበት በተራ ቁጥር አስቀመጡ። አንደኛ ያሉት ከወሊድ ሆስፒታሉ በታች ያለውን መንገድ ነው። ላዩ፣ ጠርዙ ላይ ካለ አንድ ቀጭን ስንጥቅ በቀር፣ ልሙጥ ነው። ከሥሩ ያለው የብረት ቱቦ ግን ዝገት በልቶት፣ ውሃው አፈሩን እየሸረሸረ ይወስደዋል። ለአምቡላንስ ደግሞ ሌላ መግቢያ የለም። አለቆቻቸው ዝርዝሩን አመስግነው መሳቢያ ውስጥ እየከተቱ፣ እንግዳ የሚያልፍበትን ወይም ሰው የጮኸበትን ጠገኑ። ጋሼ አሥራ አራት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉ፤ አሥራ አራት ጊዜ «ይታያል» ተባሉ።

እኛም አላሳረፍናቸውም። የእኛ መንገድ በዝርዝሩ አርባ አንደኛ ነበር። «ጋሼ፣ መሐንዲስ ጎረቤት ይዘን በጉድጓድ እንለቅ?» ብላቸው፣ «የናንተ ጉድጓድ የሚያበላሸው ጫማ ነው። ቢበዛ ትወድቃለህ፤ ተነስተህ ትሰድበኛለህ» አሉኝ። ወድቄም ሰድቤአቸዋለሁ።

ከጡረታ በኋላም በየሳምንቱ ወደ አንደኛው መንገድ እየወረዱ ስንጥቁን ይለኩ ነበር። በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ ጠያቂውን ሁሉ «ስንጥቁ ስንት ደረሰ?» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ ሄጄ የለካሁት እኔ ነኝ፤ አራት ጣት ያስገባል። ሳልነግራቸው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

ትናንት መሥሪያ ቤታቸው፣ ባለሥልጣናት ለዛሬው ቀብር ስለሚመጡ፣ አስፋልት ጭኖ መጣና የእኛን ጉድጓዶች በግማሽ ቀን ደፈነ። ሃያ ዓመት የለመንኩት ነገር ነው፤ ግን ደስ አላለኝም። እናንተ አለቆቻቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉትን ስሕተት ለክብራቸው ብላችሁ በራቸው ላይ ሠራችሁት።

ፊት ወንበር የተቀመጣችሁ አለቆች፣ አሥራ አራተኛውን ደብዳቤያቸውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ አትመነዋል። ስትመለሱ በአንደኛው መንገድ እለፉ፤ ከመኪና ወርዳችሁ ግን በእግራችሁ።

ጋሼ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ሴት ልጃቸው በሚቀጥለው ወር ልትወልድ ወደ ሆስፒታል የምትወጣው በዚያው መንገድ ነው።

እኛ ያላሳረፍናቸውን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።