ከምግብ በፊት ሁለት ብርጭቆ

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ የሺመቤት፤ ደብረ ብርሃን። ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ወንድምዎ ፍፁም ታክሲ ላይ ተቀምጦ በመዋል ያወጣውን ቦርጭ አጠፋው። ዘዴው ውሃ ነው። ፌርፋክስ የሚባለው ሰፈር እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ለምሳ ሲመጣ ቀድሜ ሁለት ብርጭቆ እቀዳለታለሁ፤ ሆዱ በውሃ ከሞላ እንጀራ ይቀንሳል ብዬ። በሁለት ወር የሠርጉ ሱፍ ልክ ሆነለት፤ ጓደኞቹ ቀኑበት። አሁን ሱፉ ሰፍቶታል። እንጀራውን ግን አልቀነሰም፤ ውሃውንም ጋሎን ሙሉ መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ሌሊትም ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል።

በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ እንደማይቀምስ ያሳደጉት እርስዎ ያውቃሉ። በፍልሰታ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲጠጣ አገኘሁት። «ምነው?» ስለው «ጠማኝ» አለና አቀረቀረ። ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ያዝኩለት፤ «ከስቼ ደግሞ ምን ልሁን ብዬ?» ብሎ ካንስል አደረገው።

እንዲያው ለጨዋታ ልጠይቅዎ፤ አባታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጨረሻው ዓመት ከራስጌያቸው አይለይም ነበር ያሉኝ ገንቦ፣ የውሃ ነበር ወይስ የጠላ? የጠላ ነበር ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽዎን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ይላኩልኝ። እስከዚያው ጤናዎን ያብዛልኝ።

የወንድምዎ ሚስት ፋና፣ ሎስ አንጀለስ