የማዳም ስልክ በመጽሐፉ ጀርባ

ጥር 9/1995፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ። ማዳም ሃዋ ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች፤ እንደ ልማዷ በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ። ለአንቺው ደህንነት ነው ትላለች። ተለምዷል።

ጠዋት ገበያ ላይ ወ/ሮ ሮማን፣ የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ፣ መጽሐፋችንን ሰጠችኝ። ለአዲስ መጪ የቤት ሠራተኞች ያዘጋጀነው ነው፤ ፓስፖርትሽን በፈረንሳይኛና በሶማልኛ እንዴት እንደምትጠይቂ፣ ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ። አራሚዋ እኔ። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ኩራት ኩራት እያለኝ ጀርባውን ገለበጥኩ። «ችግር ሲገጥምሽ ደውዪ» ይላል በትልቁ። ከሥሩ የዚህ ቤት ስልክ!

ጉዴ ፈላ፣ ደብተሬ። ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀኝ ነገር ካለ እንዲደውል ብዬ በማረሚያው ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ቁጥር ነው። የእድሩን አውጥተው እሱን አስገቡት። አንድ ካርቶን ሙሉ ተበትኗል።

ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የተባረረችው ስልክ በዝቶባት ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ በማዳም ስም ነው። ከዚህ ቤት ወጣሁ ማለት ካገሩ ወጣሁ ማለት ነው።

ጥር 11፣ እሑድ
ጥምቀት፤ እኔ ግን ዓሣ ስጠብስ ዋልኩ። ስልክ ሁለት ጊዜ። አንዷ ዝም ብላ ታለቅሳለች። በሹክሹክታ የእድሩን ቁ. ሰጥቼ ዘጋሁ። ማዳም ማነው አለች። የተሳሳተ ቁጥር አልኳት። በዚህስ አልዋሸሁም።

ጥር 14፣ ረቡዕ
ገበያ ብዬ ወጥቼ ከወ/ሮ ሮማን ጋር ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው የገዛ እጅ ጽሑፌን አውጥቶ አሳየኝ። ወ/ሮ ሮማን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ፎቶሽንም አብረን ብናወጣው ምን ነበረበት አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም። የቀሩት ካርቶኖች ላይ ትክክለኛው ቁጥር ይለጠፋል። የተበተነው ግን ተበተነ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ
ከገበያ ስመለስ ማዳም ስልኩን ይዛ ቆማለች። ዘጋችውና አፈጠጠችብኝ። እኔ ገበያ ስሄድ ሰሞኑን ሁሉ እሷ ስታነሳ ከርማለች! አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ማረሚያውን፣ እርሳሱን፣ ገበያ ያልኩበትን ውሸቴን።

አልጮኸችም። ከራስ ዲካ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጎን ካለ ቤት የምትደውል አንዲት ልጅ አንድ ነገር ደጋግማ ትለኛለች አለችኝ፤ ምን ማለት ነው ብላ ቃሉን በተሰባበረ አማርኛ ደገመችልኝ።
«ቆልፈውብኛል።»
ተረጎምኩላት። ወለል ወለሉን ማየት ጀመረች። እኔም እንደዚያው። ከዚያ የልጅቷን ሰፈርና ቤት ለወ/ሮ ሮማን ንገሪ አለችኝ፤ ስልኩን ራሷ አቀበለችኝ።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ወ/ሮ ሮማን ደወለች። ከሁለት ሴቶች ጋር ራስ ዲካ ሄደው ልጅቷን አውጥተዋታል። ለማዳም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከምሳ በኋላ ስለምተኛ ያኔ ልጆቹ እንዳይደውሉ በያቸው አለች።

አሁን ሠርግ ሄደች። እጄን ከሥራ መልሼ የቁልፉን ድምፅ ጠበቅሁ። የለም። ሄጄ አየሁ፤ ቁልፉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። አለቀስኩ፣ ደብተሬ። ሦስት ዓመት ተለምዷል ስል ኖሬ።

ነገ ለወ/ሮ ሮማን እነግራታለሁ፤ የቀረው ላይ አትለጥፉ፣ ቁጥሩ እንዳለ ይሁን። የማዳም የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ይጨመርበት። ስልኩ እየጠራ ነው። ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ።