የጫማ ካርቶን ውስጥ የቀረው ካርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3 ሰዓት።

አምስቱን ዓመት ጨርሻለሁ። አምስት ይቀረኛል። አለቃዬ ክሬግ በሩ ላይ ቆሞ እንዴት ነው ይላል። ደህና ነው አልኩት። ሄደ።

ደብተር ሆይ፣ አንተ ግን እውነቱን ስማ። ደህና አይደለም።

ክለቡ ባለፉት አሥር ዓመታት በድራፍት፣ ክለቦች በየዓመቱ ተራ ይዘው አዳዲስ ልጆች በሚመርጡበት ቀን፣ የመረጣቸውን ልጆች በሙሉ ወደኋላ ተመልሼ እንድዳኝ ታዝዣለሁ። ማን ረባ፣ ማን አልረባ፣ ማን መመረጥ ነበረበት። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ለባለቤቶቹ ይቀርባል። እስካሁን የደረስኩበት፦ 1ኛ ዓመት፣ ኳስ ተቀባይ፣ እጁ ወንፊት። 2ኛ፣ ጎበዝ ተከላካይ፤ እኛ ጋ ተቀምጦ ከረመ፣ ሌላ ክለብ ሄዶ ጎበዝ መሆኑ ታወቀ። 3ኛ፣ አንገተ ወፍራም ልጅ። አንገቱን አይተው መረጡት፤ ከአንገቱ በታች ያየ ሰው የለም። 4ኛና 5ኛ ስማቸውን እንኳ የሚያስታውስ አላገኘሁም።

እማዬ ሥራዬን የበዓል በግ ገበያ ነው የምትለው። ሽንጡን ጨብጦ፣ ጥርሱን ገልጦ መግዛት፤ በማግስቱ ሥጋው ጠነከረ ብሎ መነታረክ። ደግሞ እግር ኳስ ይሉታል በእጃቸው ይዘው እየሮጡ፣ ትላለች። በሁለቱም አልተሳሳተችም።

ወደኋላ ማየት ሁሉን ሰው አዋቂ ያደርጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስለዚህ ሕግ አውጥቻለሁ፦ በውጤቱ አልፈርድም። የምፈርደው ያን ቀን በሚያውቁት ነገር ነው። ምን አወቁ፣ ምን አደረጉ።

ክሬግ ተመልሶ መጣ። ስድስተኛውን ዓመት እኔ ጽፌልሻለሁ፣ አትድከሚ አለ። ፈገግ ብሎ። ክሬግ የምልመላ ክፍሉ ኃላፊ ነው፣ ያለ ምክንያት ሰው ከድካም አያድንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ምሳ ሰዓት።

አነበብኩት። ሁለት መስመር ነው።

«ናትናኤል፣ አንደኛ ዙር፦ በመረጃ ትንተና ዴስኩ ግፊት የተመረጠ። ማርሴል፣ ሦስተኛ ዙር፦ በኃላፊው ዓይን የተገኘ።»

ዴስኩ እኔ ነኝ። ያን ዓመት፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ዴስኩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ትምህርቴን ገና ያልጨረስኩ ተለማማጅ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ወንበሩም የተውሶ።

ናትናኤል የኛው ልጅ ነው፣ ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር። ስሙ የተጠራ ዕለት ሐበሻው ሁሉ በየስልኩ እልል አለ። ስምንት ጨዋታ ተጫወተ። የግራ ጉልበቱ ሄደ። አበቃ። ማርሴልን ማንም አያውቀውም ነበር፤ ዛሬ የቡድኑ አጥር እሱ ነው። ክሬግ በእሱ ስም ሹመት አገኘ።

ማርሴልን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ቪዲዮውን ሳይ ከርሜ ነው። ናትናኤልን ደግሞ አይሆንም ብያለሁ።

ክሬግ ቢሮ ገባሁ። ይኼ ልክ አይደለም አልኩ። ወንበሩን አዞረ። የቆየ ነገር ነው፣ ማን ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል አለ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ፣ ቋሚ ቅጥሩ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አስታወሰኝ። ሪፖርቱ ላይ ስሜ ይሰፍራል፤ እፈርማለሁ። ያኔ ቅጥሩም ይፈረማል። እንዲህ ለስላሳ አድርጎ።

ማታ 3 ሰዓት። ለእማዬ ነገርኳት። ፈርሚና ግቢ አለች። ይህን ሕንፃ እስኪሠሩልን ስንት ዓመት እዚህ ሪጀንት ፓርክ የግንባታ አቧራ እንደበላን ረሳሽው ወይ አለች። ወጥ እያማሰለች። በአንድ ፊርማ ሰው አይሞትም። እኔ ሞቻለሁ አልኳት። ሳህኑን አቀብዪኝ አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 10።

ኤግሊንተን ዌስት። ሚስተር ደስሞንድ ቤት። ክለቡ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተጫዋች ሲመለምል የኖረ ጃማይካዊ ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። እዚያ መሥሪያ ቤት እንደ ሰው ያየኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ለዓመታት ባላለቀው የባቡር መስመር አሁንም እንደተቆፈረ ነው። ከክለቡ ምርጫዎች ሁሉ የከፋው የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ባቡሩ ነው አለ በመስኮት እያሳየኝ። አንደኛ ዙር ተመረጠ፣ እስካሁን ሜዳ አልገባም።

ከዚያ ሣጥኑን አወጣ።

ደብተር ሆይ፣ ስለ ሣጥኑ ነግሬህ አላውቅም። የደስሞንድ ወግ ነበር። በድራፍቱ ዕለት ጠዋት ሁላችንም፣ ከአለቃ እስከ ተለማማጅ፣ አንድ ካርድ እንወስዳለን። በአንዱ ገጽ «አዎ» የምንለውን፣ በሌላው «አይሆንም» የምንለውን ጽፈን የጫማ ካርቶን ውስጥ እንከታለን። ደስሞንድ ጥግ ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበታል። ማንም አያነበውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ይከፈትና እንሳሳቃለን። ካርዱ ለውሳኔ አይደለም፤ በኋላ ማንም ብዬ ነበር እንዳይል ነው።

አምስት ዓመቱ ገና አልሞላም፤ ግን የኛን ዓመት ፈልጎ ሰጠኝ። የክሬግ ካርድ፦ አዎ፣ ናትናኤል። በትልልቁ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት። አይሆንም የሚለው ገጽ ባዶ። ጥንቁቅ ሰው።

የኔ በአማርኛ ነው።

ረስቼው ነበር። ደስሞንድ ሳቀ፦ ይኼን ስፈርምበት አይቼው ነበር፣ ጌጥ ነው የመሰለኝ አለ። በአማርኛ የጻፍኩት ክሬግ ካርቶኑን ሰርቆ ያያል ሲባል ሰምቼ ነው ያኔ። አለቃዬ በመረጠው ልጅ ላይ አይሆንም ብዬ መጻፌን እንዲያይ ፈራሁ። ፈርቼም ደስ ብሎኝ ነበር። እነሱ ቤት ውስጥ እነሱ የማይከፍቱት በር።

ፊቱ፦ አዎ፣ ማርሴል። ጀርባውን እዚያው ሳሎን ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

ካርቶኑን ይዤው መጣሁ። ውሰጂው አለ ደስሞንድ፣ ግን ከወሰድሽ ሙሉውን ነው የምትወስጂው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ማታ።

ሚካኤል ነው። መ/ቤት ከመግባቴ በፊት ኪዳን ደረስኩ። የናትናኤል አባት ጋሽ ተካ ከፊቴ ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ያም ለመልአኩ ሲሉ። አራት ዓመት እንዲህ ነን። ያቺ ክለቡ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ናት ለልጄ ያልሆነችው፣ ብለዋል አሉ። ወሬው እስከ ሪጀንት ፓርክ ደርሷል። መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ምን ብዬ።

አሁን መልስ አለኝ። የክሬግ ካርድ ብቻውን ከሁለቱ መስመር ክስ ነፃ ያወጣኛል፣ በንጹሕ እንግሊዝኛ። ማርሴል የኔ ነው ለማለት ግን የራሴን ካርድ ማሳየት አለብኝ። ካርዱ ደግሞ ጀርባም አለው። ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ስለ ጀርባው የፈለግኩትን ብናገር የሚያርመኝ የለም። ማርሴል የሚለውን ተርጉሜ ጀርባው ሰላምታ ነው ብል ያምናሉ።

ቀኑን ሙሉ ይህን አሰብኩ። ደስ ብሎኝ አሰብኩት። ጻፈው።

ነገር ግን ጀርባው ላይ ያለው የሰው ጉልበት ነው። ናትናኤልን ሳልጠይቀው አላሳይም፣ ሳልጠይቀውም አልደብቅም። እሑድ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ማታ 1 ሰዓት።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጄን ኤንድ ፊንች፣ 11ኛ ፎቅ። ነገ ጾም ይገባል፣ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ጥብስ ጥብስ ይሸታል። የከፈተልኝ ናትናኤል ነው። አውቶብስ ነው የሚነዳው፣ ከሥራ መግባቱ ነው፣ ዩኒፎርሙን አላወለቀም። ሲዞር የግራ እግሩን እንደ ሻንጣ አስከትሎ ነው። ምን ፈልገሽ ነው አለኝ በእንግሊዝኛ።

ስለ ሪፖርቱ ነገርኩት። ስለ ካርዱ። ሰጠሁት። ገለበጠው፣ ገለበጠው። ለአባቱ አቀበላቸው። ናትናኤል በስድስት ዓመቱ ነው የመጣው፤ ይናገራል እንጂ አያነብም። ይህን አላሰብኩም። ብቻውን፣ በልቡ ያነበዋል ብዬ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አደረጉ። ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ቤ/ክ እንደሚያነቡት፦

«ናትናኤል ተካ፣ አይሆንም። የግራ ጉልበቱን ያመዋል። የትንሣኤ ለት ቅዳሴው እስኪያልቅ መቋሚያ ላይ ተደግፎ ቆመ። የሃያ ሁለት ዓመት ስፖርተኛ። አንድ ዓመት ይረፍ። ያኔ ቀድሜ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ናትናኤል በአማርኛ ጠየቀኝ፦

«ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለካርቶኑ።»

«ካርቶኑ አማርኛ ይችላል?»

ያን ዓመት ለክሬግ በሰጠሁት ሪፖርት ገጽ 6 ላይም አንድ መስመር ነበር አልኩት፣ ተጨማሪ ምርመራ ቢደረግ የሚል። ክሬግ ሰረዘው። ጉልበት የሚል ቃል ነበረበት ወይ አለ ናትናኤል። አልነበረበትም። ለምን አለ። ቤ/ክ ያየሁትን ለነጭ አለቃ መንገር የገዛ ወገኔን መሰለል መሰለኝ አልኩት። እውነት ነው። ፈርቼም ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ሁለቱን ብትደምራቸው አንድ ጤነኛ ጉልበት አይወጣቸውም።

እንዳይጮህብኝ ፈለግኩ፤ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ከዚያ ጋሽ ተካ፣ ወደ ምንጣፉ እያዩ፦ «መቋሚያውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ድራፍቱ እስኪያልፍ ቻለው፣ ለማንም አትናገር አልኩት።» ትንሽ ቆይተው፦ «ጅብ ከሄደ ሁላችንም ጮኸን፣ ልጄ።»

ልጄ ያሉት እኔን ይሁን እሱን አላውቅም። ናትናኤል ቴሌቪዥኑን ያያል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

ልነሳ ስል ተቀመጪ ተባልኩ። ቅበላ ነው፣ ሳትበዪ አትሄጂም። በላሁ። ጋሽ ተካ አጎረሱኝ። አራት ዓመት ሰላም ያላሉኝ ሰው።

ናትናኤል በሩ ድረስ ሸኘኝ። አንብቢላቸው አለ። ሁለቱንም ገጽ። የአባዬን ግን አታንሺ፣ ካርዱ ላይ የለም። ሊፍቱ ሲከፈት፦ «ደግሞ በሚሰሙት ቋንቋ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ 2 ሰዓት ተኩል።

የክሬግን ሁለት መስመር አጥፍቼ ስድስተኛውን ዓመት ራሴ ጻፍኩ። ላክሁለት። በአሥር ደቂቃ ጠራኝ።

ስሜት ነው አለ። የቅርብ ሰው ጉዳይ ነው አለ። ናትናኤልን የማውቀው ከሆነ ያኔ ከሥራው ራሴን ማግለል ነበረብኝ አለ። ይህን ሲል ደስታው ከፊቱ ፈሰሰ፤ ምርኮ እንዳገኘ። ካርዱን አሳየሁት። ማንም የማያነበው ወረቀት ማስረጃ አይደለም አለ።

ደብተር ሆይ፣ ልታንቀኝ ነው? ልክ ነው። ያ ውሸታም በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ልክ ነገር ተናገረ። ናትናኤል ያለኝን ነው ያለው፣ በከረፋ አፍ።

የራሱን ካርድ አላሳየሁትም። ሐሙስ ያየዋል።

ስወጣ ስለ ኮንትራቴ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀመረ። በሩን ዘጋሁበት። ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት፤ በር ብወረውር ደስ ይለዋል፣ ቁጡ ናት ለማለት ይመቸዋል።

እማዬ ሽሮዬን አቅርባ ፈረምሽ ወይ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ መቋሚያውንም ገጽ 6ንም። የተካ ልጅ አሁን ደረጃ ይወጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ይወጣል፣ በአንድ እግሩ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፈርሚ አላለችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ስትሪትካር፣ የከተማው የመንገድ ባቡር፣ ላይ ነኝ። የደንዳስ መንገድ በበረዶ ቆሟል። ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ምን ዓይነት ጫማ ገዛሽ አለችኝ። ያገለገለ አልኳት።

የጻፍኩት ይኼ ነው፣ እንዳለ፦

«ስድስተኛ ዓመት፣ አንደኛ ዙር፣ ናትናኤል። ያን ቀን ይታወቅ የነበረው፦ የግራ ጉልበቱ ሕመም። ማን ያውቅ ነበር፦ እኔ። ምን አደረግኩ፦ በሪፖርቱ አለሳልሼ ጻፍኩት፤ ግልጹን ክፍሉ ውስጥ ማንም በማያነበው ፊደል ጽፌ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ኃላፊው ምን አደረገ፦ የለሰለሰውንም ሰረዘው። ካርዱ ተያይዟል። ሦስተኛ ዙር፣ ማርሴል። ምርጫው የኔ ነው። ካርዱ ያው ነው፣ ፊቱ።»

ሕጌን አልሰበርኩም። በውጤቱ አልፈረድኩም።

ቅጥሩ ይቀራል። አውቃለሁ። ክሬግም ላይወርድ ይችላል፤ እንደሱ ያለ ሰው ሁልጊዜ ወንበር ያገኛል። ይሁን። ስሜን ከማርሴል ላይ ሰርቆ ናትናኤል ላይ ለጠፈው። ሁለቱንም ስሞች እኔ ራሴ እጽፋቸዋለሁ፣ በየቦታቸው፣ በየልካቸው።

3 ሰዓት ከሩብ። ስብሰባው ክፍል። ባለቤቶቹ አራት ናቸው፣ ውሃ እየቀዱ ነው። ክሬግ ከጎኔ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑ ምንድን ነው ይላል። ከፈትኩለት። የራሱን ጽሑፍ አየ፣ ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን። ቀና አለ።

ስሜን ጠሩ። የኔን ካርድ በአንድ እጄ ይዣለሁ። ጀርባውን አስቀድማለሁ። በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ጉልበት ከሚለው ቃል እጀምራለሁ።