ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ይድረስ ለአርያም አባት፤

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በወጉ «ከናፍቆትህ በቀር» ማለት ነበረብኝ፤ ግን የምጽፍልህ ስለ ልጅህ ናፍቆት ነው፤ የኔን ተወው።

የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ መስቀል ፍላወር ተከራይተናል። አርያም አሁንም አትናገርም። ግን እንደሷ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ተሰብስበው ሙዚቃ የሚጫወቱበት ቤት እዚሁ ሰፈር አግኝቼላታለሁ። የሚያጫውቷቸው ጋሽ ሙክታር ዘፈን አያስጠኑም። አንዱ የመጣለትን ይጫወታል፣ ሌላው ይመልስለታል፤ በቃ። መጀመሪያ ይሄ ጫጫታ እንጂ ምን ሙዚቃ ነው ብዬ ነበር። አፌን ቁርጥ ያርገው።

አርያም ኪቦርዱን ከያዘች አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የምትነካው። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ከዚያ እጇን አንስታ ትጠብቃለች። ፍዮሪ የምትባል ልጅ በከበሮ ብትመልስላት እምቢ አለች። ሌሎቹ ቢያጨበጭቡላትም እምቢ። ጋሽ ሙክታር የየትኛው ዘፈን መግቢያ ነው ብለው ጠየቁኝ። ዘፈን አይደለም፣ የአባቷ ሚኒባስ ክላክስ ነው አልኳቸው።

ትዝ ይልሃል? ከሥራ ስትገባ እንደዚያ ታደርጋለህ፤ እኔ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ሁለቴ መትቼ እከፍትልሃለሁ። ጎረቤታችን ሸዋአየሁ ዛሬም ሙሽሮቹ መጡ እያለች ታሾፍብን ነበር።

ጋሽ ሙክታር እንግዲያው አንቺ መልሺላት አሉኝ። ከበሮውን ተቀብዬ ሁለቴ መታሁ። ልጅህ ሳቀች። ብድግ ብላ ሄደችና የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። ከፍቼ ማንም እንደሌለ አሳየኋት። ተመልሳ ቁልፉን ነካች፤ እኔም መታሁ። ምን ላድርግ? ፍዮሪ ገባችበት፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ክላክስህ ዘፈን ሆነልህ። እኔ ብቻ ነኝ ያለቀስኩት።

ወደ ሐዋሳ ስትሄድ እሷ ምን ይገባታል፣ ትረሳኛለች ብለህ ነበር። አልረሳችህም።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከመኪና አደጋ ይሰውርህ። ስትነዳ አትቸኩል።

ወደዚህ ብቅ ካልክ ስልክ መደወል አያስፈልግም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትታጠፍ ክላክስ አድርግ። በሩን ታውቀዋለህ። ቤቱ ሲፈርስ ቁም ሳጥኑን ትቼ እሱን ነው ያስነቀልኩት፤ አከራዬን ለምኜ እዚህ አስገጥሜዋለሁ።

የልጅህ እናት