ለክንዱ ለቅሶ የሚሆን ጄት

እሑድ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1971

ዕረፍት። ጫማ ጠገንሁ። የጎረቤት ዶሮዎች ጓሯችንን ጫሩት ብላ ሚስቴ የሺመቤት ስትራገም አረፈደች። ስትናደድ ታምራለች... ይህን ግን አልነግራትም።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሻምበል አዘዘ! የወንድሜ የክንዱ ጓደኛ፣ ከደብረ ዘይት። አንድ ሻንጣና አንድ ትልቅ ካርቶን ይዟል። "የክንዱ ዕቃ ነው። ሳላደርስላችሁ ዘገየሁ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። ካርቶኑ ላይ ጄት ተስሏል። ኤፍ-5... ክንዱ ያበራት የነበረችው ዓይነት። አሜሪካ ለሥልጠና ሳሉ የገዛው፣ የሚገጣጠም ፕላስቲክ ነው። ሊሠራው አስቦ ነበር፣ አልደረሰም።

አዘዘ ክንዱ የወደቀ ዕለት፣ ካቻምና ሐምሌ፣ ኦጋዴን ላይ ከጎኑ ይበር ነበር። ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። እዚህ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ካርቶኑን አልጋ ሥር ከትቼው ነበር። ዛሬ አወጣሁት።

አባባ አሁንም ልጄ አልሞተም ባይ ናቸው። መሞቱን የሚናገር የመንግሥት ደብዳቤ የደረሰን ባለፈው ግንቦት ነው። ዘጌ ድረስ ይዤላቸው ብሄድ እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። "ሬሳ የለ! ጠመንጃ የለ! ፈረስ የለ! ምን አውጥቼ ነው የማለቅሰው? ወረቀት?" አሉኝ። እማየም እሳቸውን ተከትላ "ክንዱ ሲመጣ፣ ክንዱ ሲመጣ" ትላለች። ለቅሶ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። ወንድሜ እንደ ሰው ሳይለቀስለት ሊቀር ነው?

ዱርቤቴ ላይ ያየሁት የአያታችን ለቅሶ ትዝ ይለኛል። ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ኮርቻው ላይ ታስሮ በለቀስተኛው መሀል ሲዞር... ያን ጊዜ ነው የሰው ሆድ የተባባው። ክንዱ ፈረስ አልነበረውም። ጄት ነበረው።

እሠራታለሁ። ለቅሶው ላይ አወጣታለሁ። አለቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

መመሪያው እንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ይበቃኛል! አሥራ አንድ ዓመት የፋብሪካ ሽመና መኪና ፈትቼ የገጠምሁ ሰው በፕላስቲክ ልሸነፍ?

ማጣበቂያው ግን ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። ከፋብሪካው ላቦራቶሪ ፕላስቲክ የሚያሟሟ ትንሽ አሴቶን ለመንሁ።

የሺመቤት፦ "ትልቅ ሰው መጫወቻ ይዞ ተቀመጠ! አገር ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል።"

"እውነትም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

አልለቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

አሴቶኑ በዛ። የቀኝ ክንፏ ጫፍ እንደ ሻማ ቀለጠ። አበስኩ ገበርኩ! ላድናት ብዬ ያዝ ባደርጋት የአውራ ጣቴ አሻራ ታተመባት። ተናድጄ እራትም አልበላሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 3

መላ አገኘሁ። ክፍሎቹ የተያያዙበትን ትርፍ ፕላስቲክ በምላጭ ከትፌ፣ ጠርሙስ ውስጥ አሴቶን ላይ ጨመርሁት። ወፍራም ሙጫ ወጣው። በክብሪት እንጨት ትንሽ ትንሽ እየቀቡ፣ በልብስ መቆንጠጫ ጥርቅም አድርጎ መያዝ ነው። የቀለጠውን ክንፍ በዚያው ሞላሁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። አሻራዬ ጠፋ። የሆዷ ሁለት ግማሾችም ተገጠሙ።

የሺመቤት መቆንጠጫዎቿን ስትፈልግ ዋለች። እርጥብ ልብስ ታቅፋ መጣች፣ አየች፣ ሳቀች፣ ሄደች። ተመስገን።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ቀበሌ አስጠሩኝ። አንዱ ጥበቃ በመስኮት አይቶኝ "የአሜሪካ አውሮፕላን እየሠራ ነው" ብሎ ነግሯል። ሊቀመንበሩ ጄቷን ከነካርቶኗ ከቤቴ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ካርቶኑ ውስጥ ክንፏ ላይ የሚለጠፉ ኮከቦች አሉ። "ይህ የማን ኮከብ ነው? የኢምፔሪያሊስት አይደለም?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ኮከቡን አልለጥፈውም። በአረንጓዴ፣ በብጫ፣ በቀይ ነው የምቀባት" አልሁ። ስለ ክንዱ ሞት የመጣውን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"ወንድምህ ነው?"

"ታናሼ ነው።"

የኮከቦቹን ወረቀት ቀደደና ጄቷን አስታቀፈኝ። በሩ ድረስም ሸኘኝ። ነገ እቀጥላለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27

በጎማዎቿ ባቆማት በጭራዋ ቁጭ! አፍንጫዋ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። መመሪያውን ቁጭ ብዬ በመዝገበ ቃላት ባነበው... አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ይገባል ይላል። ሥዕሉ ይበቃኛል ያልሁት ጎበዝ! መልሼ ልሰነጥቃት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 30

ሐይቁ ዳር ወርጄ ከአንድ ዓሣ አስጋሪ የመረብ ማስጠሚያ እርሳስ ለመንሁ። "ምን ልታጠምድበት?" አለኝ። "አውሮፕላን" አልሁት። አሳቀው። ስድስቱን ፍሬ በጨርቅ ጠቅልዬ አፍንጫዋ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ዘጋኋት። ቆመች! ብቻዬን እልል አልሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20

ቀለም አለቀ። አሸዋ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ። የአገራችንን አረንጓዴ፣ ብጫ፣ ቀይ ዓርማ በብርጭቆ አፍ ለክቼ ክንፏ ላይ አከበብሁት።

አብራሪም አላት። ጣት የምታክል ሰው። ካርቶኑ ላይ ወደ ጎን እንደሚያይ ተስሏል፤ እኔም ጭንቅላቱን እንደዚያው ወደ ጎን አዙሬ ለጠፍሁት። ፊቱን ቀባሁት። የማንም ፊት ነው፤ ግን ክንዱ ነው ብያለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ትናንት ለገና ዘጌ። ጄቷን በየሺመቤት ነጠላ ጠቅልዬ ጀልባው ላይ አቀፍኋት። አንዲት ባልቴት የአራስ ልጅ መስሏቸው የሺመቤትን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሏት። እኛ ስንስቅ እሳቸው ተቀየሙ።

አባባ ፊት አስቀመጥሁና ነጠላውን ገለጥሁት። ብዙ አዩ። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሳሉ ሰው፣ ምን ያመልጣቸዋል? ክንፉን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ወደ ውስጥ አዩ።

"ይህ ማነው?"

"ክንዱ ነው፣ አባባ።"

"ክንዱ? በአንድ ዓይን?!"

ክው አልሁ። እውነትም ከፊት ለፊት ሲታይ ያለው አንድ ጉንጭና አንድ ዓይን ነው። በአንድ ዓይን የሚሳለው ማነው? ይሁዳ። ሰይጣን። ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም እየበጠበጥሁላቸው የተማርሁት ነው። የሠዓሊ ልጅ ሆኜ! ፈረንጅ ካርቶን ላይ የሳለውን አምኜ!

"ልጄን ከይሁዳ ጋር ቆጠርኸው!" ብለው ጮኹ። እማየ ጓዳ ገባች። እኔም ጮኽሁ... በአባቴ ላይ! "እንግዲያውስ እርስዎ ይሳሉት! እኔ መካኒክ ነኝ!"

የሺመቤት ነጠላዋን ትነክሳለች።

"አምጣው" አሉ።

አብራሪውን ከመቀመጫው ነቅዬ ሰጠኋቸው። አፍሬም ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ጄቷን ይዤ ተመለስሁ።

ሰኞ፣ ጥር 14

ትናንት ብቻዬን ዘጌ ሄድሁ። ጄቷን ይዤ።

አባባ የአብራሪውን ጭንቅላት በምላጭ ቆርጠው ወደ ፊት መልሰውታል። ሦስት ፀጉር በቀራት ብሩሽ ፊት ሰጥተውታል። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ቅንድብ። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግንባሩ ላይ የቀረችው ጠባሳ ሳትቀር! ጥፍር በምታክል ፊት ላይ። ክንዱ ነው። ራሱ ነው። እንባዬ መጣ፣ ዋጥሁት።

አብረን አስቀመጥነው። ከአብራሪው በላይ የሚገጠመውን የመስታወት ክዳን አልለጠፍሁትም ነበር። አባባ አነሡት፣ መለሱት፣ አነሡት።

"አውሮፕላኑ ሲመታ ይህ ይከፈታል?"

"አዎ። ሰውየው ከነመቀመጫው ተስፈንጥሮ ይወጣል።"

"ያን ቀንስ?"

ምን ልበል? ተከፍቷል ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ተከፍቷል ካልሁ እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ሲያዩ ይኖራሉ።

"አልተከፈተም፣ አባባ። አዘዘ ከጎኑ ነበር፣ በዓይኑ አይቷል። ክንዱ አብሯት ወደቀ።"

ክዳኗን ራሳቸው ከደኑት።

"ለጥፈው" አሉ።

ለጠፍሁት። እስኪደርቅ በጣታቸው ይዘውልኝ ነበር።

ስወጣ መንገድ ላይ ደረሱብኝ። "ቅዳሜ ሳምንት መርዶው ይነገር። አዘዘንም ጥራው። ለእናትህ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል፤ አትችለውም።"

"በጀ" አልሁ።

እሑድ፣ ጥር 27፤ ዘጌ

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር በራችን ላይ ቆምን። እማየ ወጣች። ፊታችንን አየችና ማንም ሳይናገር ጮኸች። አገሩ ተሰበሰበ። እሷ ገባችና ልብሷን ለውጣ ወጣች።

አዘዘ የአየር ኃይል ልብሱን ለብሶ ጄቷን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣት። እንደ ፈረስ... በለቀስተኛው መሀል ዞረ። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው፤ አንድ ልጅም ሳቀ። ከዚያ አስለቃሿ ቀና ብላ አየቻትና ሙሾውን አወረደችው፦

የሰው ሁሉ ፈረስ ሣር ነጭቶ ያድራል፣
የክንዱ ፈረሱ ደመና ይሻገራል።

አገር ተንጫጫ። አባባ ነጠላቸውን አገልድመው መሀል ገቡ። "ክንዱ! ክንዱ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። ዓመት ከመንፈቅ ያላለቀሱትን አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፣ እንደ ልጅ። ቄሱ በክርስትና ስሙ ሀብተ ሥላሴ ብለው ጸለዩለት።

ዛሬ ጠዋት አባባ ገና አልተነሡም። ጄቷ ራስጌያቸው ናት። እማየ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፣ በጥቁር ቀሚስ። ትናንት ልብ አላልሁትም። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

"ጥቁሩን መቼ አስነከርሽው?"

"ደብዳቤውን ያመጣህ ሰሞን። ሣጥን ውስጥ ነበር።"

"ታውቂ ነበር?!"

"ምነው፣ እናቱ አይደለሁ?"

"ታዲያ ክንዱ ሲመጣ፣ ክንዱ ሲመጣ ስትይ የከረምሽው?"

ወደ ውስጥ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አባትህ እስኪችሉት ብዬ ነዋ።"

ስምንት ወር። ብቻዋን።