የተመለሰው ጽዋ

ጥቅምት 22፣ ጠዋት 1 ሰ.
ሽንኩርት እየላጥኩ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ፤ ገጽህ ቢሸት እንዳትቀየመኝ። ትናንት የማርያም ማኅበር እትዬ ዘርፌ ቤት ነበር። የኅዳር ባለተራ እኔ ነኝ! ጽዋው በእጄ ገባ። እናቴ ካረፈች ወዲህ በእሷ ቦታ ስደግስ የመጀመሪያዬ ነው። በነጭ ሻሽ ሸፍኜ ሙዳይ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

አፌ ግን አያርፍም። ለባሌ ለጌትነት፣ የእትዬ ዘርፌ ባል አያ አባተ ኩታቸውን አደግድገው ጠላ ሲቀዱ፣ እጅ ሲያስታጥቡ ዋሉ፣ ደስ ሲሉ ብዬ አወራሁለት። እኔ እጄ ተቆርጧል ማለትሽ ነው? አለ። ወይ ጉዴ! ስለ እሱ አንድ ቃል ወጣኝ?

ጥቅምት 28
ሰሞኑን ያጠፋሁት፦ ሐሙሲት ያደረሰን የሚኒባስ ሾፌር ረጋ ብሎ ይነዳል አልኩ። ጌ. ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ላይ አያሳፍረኝም። የት/ቤታችን አዲሱ የሒሳብ መምህር ልጆቹን ሳይገርፍ ጸጥ ያሰኛል አልኩ። እራቱን ሳይነካ ተኛ።

ስለዚህ ምስጋናዬን ላንተ አጠራቅማለሁ፣ ደብተሬ። የመምህሩን ትዕግሥት ያዝልኝ። የእኅቴን የየውባለምን ሳቅም። ዛሬ ጠዋት ጉና ተራራ ጥርት ብሎ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር! ለጌ. አልነገርኩትም። አጭር ነህ ልትዪኝ ነው ይለኛል።

ኅዳር 6
ጠላውን ጠነሰስኩ። እጄ ጌሾ ጌሾ ይላል። ጌ. ሳልጠይቀው ጋኑን አጠበልኝ፣ በወይራ አጠነልኝ። እጅህ ይባረክ አልኩት፣ ከልቤ። ከአያ አባተ እሻላለሁ? አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። እንዲህ ሲሆን እወደዋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ኅዳር 17፣ ከቀኑ 9 ሰ.
ገበያ ላይ እትዬ ዘርፌ፣ እግዜር ይማርሽ ልጄ አሉኝ። ምን ሆንኩ ብላቸው ግራ ገባቸው። ታመሽ አይደል ወይ? ባልሽ ጽዋውን ለሙሴው መልሶ የለም ወይ? ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ፣ አያ ሙሉን ነው።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ሙዳዩ ባዶ። ሻሹ ብቻ፣ በሥርዓት ተጣጥፎ።

አያ ሙሉ ዘንድ ሄድኩ። ጌ. ኅዳር 3 መጥቶ፣ ታማለች፣ ከማኅበሩም ትወጣለች ብሏቸዋል። በእኔ ስም! በእናቴ ቦታ! አሳቢ ባል ነው ብለን አመሰገንነው አሉኝ ምስኪኑ ሽማግሌ። አመሰገኑት። ደግነቱ ጽዋው ገና እሳቸው ቤት ነው። አልታመምኩም፣ አልወጣሁም፣ እደግሳለሁ ብያቸው መጣሁ።

ቆይ። ኅዳር 3? ጋኑን ያጠበልኝ ኅዳር 6 ነው እኮ።

ኅዳር 17፣ 12 ሰ.
ጠየቅኩት። አልካደም። ያ ሁሉ ሰው ቤቴ ተቀምጦ ከአያ አባተ ጋር ሊያወዳድረኝ ነው? አለ። ማን አወዳደረህ ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ፣ አለ። እሺ፣ ጽዋውን መልሰህ ስታበቃ ጋኑን ለምን አጠብክልኝ? አልኩት።

አቀረቀረ። እጅህ ይባረክ እንድትዪኝ፣ አለ።

ከውሸቱ ሁሉ ይኼ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ስንት ቀን እየሳሳሁ የያዝኩትን ቃል፣ ያኔ ከልቤ አውጥቼ ሰጠሁት። እሱ ግን ከዳኝ። ምን ብዬ ነው ከእንግዲህ የማምነው?

ኅዳር 20፣ ከቀኑ 10 ሰ.
የነገው ማኅበር እኅቴ ቤት ነው። አያ ሙሉ ጽዋውን መልሰው በእጄ ሰጡኝ። ከማኅበሩ በኋላም እዚያው እቆያለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ሹራቦቼን ግን በሙሉ ይዣለሁ፣ አንተንም።

ጠላውን በጀሪካን ቀድቼ ስጨርስ ባጃጁ መጣ። ጌ. በር ላይ ቆሞ ላግዝሽ አለ። ተወው አልኩት። ባለባጃጁ ወርዶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ጫነልኝ፣ ጠብ ሳያደርግ። ጌ. ከበሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ምን እንደምል ያውቃል።

ለባለባጃጁ ጮክ ብዬ አልኩት። እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ።