ቆጠራው ከማን ይጀምራል

ደብረ ኤልያስ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ደጀን ለምትኖሪው ዘመዴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ ደኅና ነው? ከዓባይ ገደል የሚወጣው ነፋስ ደረት አይምርም ሲሉ እሰማለሁና ደርበሽ ልበሺ። እናትሽን ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ ብላለች በይልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እህል እቀምሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ጤፉም ታጭዶ ተከምሯል።

ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቃል ሳልልክልሽ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። አሁን የምጽፍልሽ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁምና እንደ ተማሪ ታገሺኝ።

ልጄ አበባው በአደጋው ዕለት ይዞት የነበረውን ቦርሳ ፖሊሶች ሲመልሱልኝ ሳልከፍት ሣጥን ውስጥ አስገብቼው ነበር። የገና ጾም ሲገባ ልብሱን ለድኻ ልስጥ ብዬ ከፈትሁት። አንድ አዲስ ሸሚዝ፣ ምላጭ፣ ለሰባተኛ ክፍል ትምህርት የሚያዘጋጅበት ደብተር። የአውቶቡሱ ቲኬትም አለ፤ ደጀን ይላል። ለእኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር የወጣው።

ደብተሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልሁ አነበብሁት። መጀመሪያው ክፍልፋይ ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ። ይህ ይገባኛል። ቀጥሎ ሁለትን ይጽፍና ከራሱ በላይ ሌላ ትንሽ ቁጥር ያስቀምጣል። ሁለት ላይ ሦስት ሲያስቀምጥ ስምንት ይላል። ሁለትን ሦስት ጊዜ ማባዛት መሆኑን በጣቴ እየቆጠርሁ ደረስሁበት። ሁለት ላይ ዜሮ አስቀምጦ ግን «አንድ ይሆናል» ይላል። እዚህ ላይ ቆምሁ። ዜሮ ምንም ማለት አይደለም ወይ? ከምንም ውስጥ አንድ ከየት ይመጣል? ልጄ ተሳስቶ ለሰው ልጆች ስሕተት አስተምሮ ሄደ ብዬ ደነገጥሁ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴን ልጅ አርሴማን ጠራኋት። እሱ ያስተማራት ናት፣ አሁን ስምንተኛ ገብታለች። ገጹን ስታይ ሳቀች።

«እትዬ፣ ይኸማ የሰባት ቤቱ ነው» አለችኝ።

አበባው ተማሪዎቹን በየቤታችሁ ዘራችሁን ጠይቃችሁ እስከ ሰባት ቤት ጽፋችሁ ኑ ብሏቸው ኖሯል። ሙሉሰው የሚባል አንድ ቀልደኛ ልጅ፣ አያቴን የአባቶቹን ስም ብጠይቀው የሞቱበትን በሬዎች ስም ነገረኝ ብሎ ክፍሉን አሣቀው አለች። አበባውም ስሙ ቢጠፋ ቁጥሩ አይጠፋም ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው። አባትና እናት ሁለት ናቸው። አያቶች አራት፣ ቅድመ አያቶች ስምንት። እንዲያ እያለ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ስድሳ አራት ሰው ይሆናል። ወደ ታች ሲመልሰው ደግሞ ከአባትሽ የምታገኚው ግማሽ ነው፣ ከአያትሽ ሩብ፣ ስድስተኛው ላይ ካለው ከአንዱ ሰው የሚደርስሽ ከስድሳ አራት አንድ ብቻ።

ከዚያ ዜሮው ላይ ማን አለ ብሎ ጠየቃቸው። ሁሉም ማንም የለም አሉ። ሙሉሰውን አስነሣውና ከአባትህ በታች ማን አለ አለው። እኔ አለ። ስንት ነህ ሲለው፣ ልጁ ዙሪያውን አይቶ አንድ ነኝ አለ። እንግዲያው ቁጭ በል፣ ሁለት ላይ ዜሮ ማለት አንተ ነህ አለው። ከዚያ ወዲህ ሙሉሰውን ዜሮ እያሉ ይጠሩታል አሉ።

አርሴማ ልትሄድ ስትነሣ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። «ቲቸር ምን አለን መሰለዎት፣ ከአባቱ ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ራሱን ረስቶ ነው የሚቆጥረው።»

እሷ ሄደች፣ እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

አንቺ የምታውቂውን ነገር መልሼ ልንገርሽ። አበባው አንቺን ላግባ ባለኝ ጊዜ ዘር የሚቆጥሩትን አያ አንሙትን አስጠራሁ። ከእናንተ ወገን ከመጡት ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው ቢቆጥሩ የእናንተም የእኛም ሐረግ ወልደ ሚካኤል ላይ ተገናኘ። ስድስት ነው፣ ሰባት አልሞላም፣ አይጋቡም ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አበባው ወረቀት ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እማ፣ የሚያገናኘን ከስድሳ አራት አንዱ ነው። ስድሳ ሦስቱስ?» አለኝ።

«እርሾም ትንሽ ናት፣ ሊጡን ሁሉ ታቦካለች» አልሁት።

ጥሩ የመለስሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ወረቀቱን አጠፈና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስምሽን ከእኔ ፊት አላነሣም።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ሁለታችሁን ጽፏችኋል። ከታች የእሱ ስም፣ ጎኑ ላይ ዜሮ። ከታች ያንቺ ስም፣ ጎኑ ላይ ዜሮ። ከዚያ ወደ ላይ አንድ፣ ሁለት እያለ ይወጣና ወልደ ሚካኤል ላይ ስድስት ይላል። ጣቴን እያስኬድሁ ስሞቹን ብቆጥራቸው ግን ሰባት ናቸው። ከላይ ቆጠርሁ፣ ከታች ቆጠርሁ። ቁጥሩ ስድስት ነው፣ ሰዎቹ ሰባት ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው ወይስ አንዱ ውሸት ነው? የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። አቆጣጠሩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ስለዚህ ነው ቆጣሪ አስቀድሞ ከማን ልነሣ ብሎ የሚጠይቀው አሉኝ።

አያ አንሙት ጠይቀውኝ ነበር። በዚያን ዕለት ከበሩ ላይ፣ ገና ሳይገቡ፣ ከልጁ ልነሣ ወይስ ከአባቱ አሉኝ። እኔ ከአባቱ አልኋቸው። ጥቂት አዩኝና ገቡ።

አንቺ ያን ጊዜ ደጀን ተመድበሽ ነበር። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ወደዚያ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ።

በዚያ ቆጠራ ውስጥ አበባው የለም። ስለ እሱ ጋብቻ ተቀምጠን እሱን ሳንቆጥር ተነሣን። አንቺንም አልቆጠርንሽም።

አርሴማ ይህን የተማሩበትን ቀን ደብተሯ ላይ አሳየችኝ፣ ጥር 26 ይላል። እሱ ከቤት የወጣው ጥር 28 ነው። ከሉማሜ ወዲያ መንገድ ላይ ቀረ እንጂ ቢደርስ ምን ሊልሽ ነበር? መምጣቱን ታውቂ ነበር ወይ? ከአባቱ ያልሁት እኔ መሆኔንስ ያውቅ ነበር? ብታውቂ ንገሪኝ። ባትነግሪኝም አልቀየምሽም።

በቀብሩ ዕለት ሴቶቹ ያቺ ልጅ ማን ናት ሲሉኝ ዘመድ ናት አልኋቸው። ሰምተሻል። ነጠላሽን ወደ አፍሽ ስታስጠጊ አይቼሻለሁ።

ባለፈው እሑድ አያ አንሙትን ቤቴ ጠርቼ፣ ያኔ የነበሩት ጎረቤቶች ባሉበት፣ ከልጁ ተነሥተው እንደገና ይቁጠሩልኝ አልኋቸው። «አሁን ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «ይቆጠርልኝ» አልሁ። ቆጠሩ፣ ሰባት አሉ።

ጥር 28 የአበባው ሙት ዓመት ነው። እሑድ ይውላል፣ ትምህርት የለሽም። ቅዳሜ መጥተሽ እኔ ዘንድ እደሪ። ሌላ ቦታ እንዳታርፊ። የምትቀመጪበትን ለሴቶቹ ነግሬአቸዋለሁ። ደብተሩ ያንቺ ነው፣ ትወስጂዋለሽ። ከመውሰድሽ በፊት ግን ያን የዜሮውን ነገር ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። አርሴማ ስትነግረኝ የገባኝ ይመስለኛል፣ ብቻዬን ስሆን ይጠፋብኛል።

አማኑኤል መንገድሽን ያቅናልሽ። የምታስተምሪያቸው ልጆችሽ ለወግ ለማዕርግ ይድረሱልሽ። የእናትሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ። የእኔን በደል አንቺ ይቅር ካልሽው እሱም ይቅር ይለዋል።

አማትሽ